ስለ ውሻ እርጅና

በገደብ ቡናችን ማስጫው አልጋ ላይ ሳለ ሌሊት የሚጠብቀው ቦቢ የሚባለው ውሻችን ነው። ዘንድሮ ግን የአፉ ዙሪያ ሸበተ፤ ጆሮውም ደከመ። አባቴ፣ «አርጅቷል፤ ይወገድና ቡችላ እናምጣ» ሲሉ ብሰማ ስለ ውሻ ዕድሜ ልመረምር ተነሣሁ።

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ ያወጣል፤ ሰባት ወር ገደማ ሲሆነው 42 ቋሚ ጥርሶች ይኖሩታል። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ዕድሜውን ከጥርሱ መበላት ይገምታል እንጂ በትክክል ሊያውቀው አይችልም፤ አጥንት የሚቆረጥም ውሻ ጥርሱ ቶሎ ያልቃልና። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ዝሆን ከአይጥ ይልቅ ብዙ ዘመን ይኖራል፤ ከውሾች መካከል ግን ትንንሾቹ ዘሮች ከግዙፎቹ ይልቅ ይቆያሉ።

ይህን ጥናት የሕይወታቸው ሥራ ካደረጉት አንዱ አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዴቪድ ዋተርስ ናቸው። ሌላው ሐኪም የታመመውን ሲመረምር እርሳቸው ዕድሜ የጠገበውን ፈልገው መረመሩ። ሮትዋይለር የሚባለው ትልቅ ውሻ ብዙውን ጊዜ 9 ወይም 10 ዓመት ይኖራል፤ እርሳቸው ግን 13 ዓመት የሞላቸውን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናታቸው፣ እንዳይወልዱ ተብሎ የእንቁላል ዕጢያቸው ገና በወጣትነት ያልወጣባቸው እንስት ውሾች ለዚህ ዕድሜ የመድረስ ዕድላቸው በልጦ ተገኘ። እኔ ይህን ከቶ አልጠበቅሁም ነበር።

ቢሳካልኝ እ.ኤ.አ. በ1979 በተመሠረተው የቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ መማር እመኛለሁ። እናቴን ብጠይቃት ቦቢ የመጣው ታናሽ እኅቴ በተወለደችበት ዓመት ነው አለችኝ፤ እንግዲህ 11 ዓመቱ ነው። ያነበብሁትን ሁሉ ለአባቴ ብነግራቸው፣ «እንግዲያስ ቡናው እስኪሸጥ ይቆይ» አሉ።