ሥራን በልክ ስለ መያዝና ስለ ተቆጣጣሪ ልዩ ልዩነት

ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ተቆጣጣሪ ስለሌለው፣ አንድ ዓይነት አካሄድ አይበቃውም። ይህም በሮቢትና በቆቦ ቆላ የማሽላና የጤፍ ምርት በሚሰበሰብበት ወራት በግልጽ ይታያል።

አንደኛ፤ የቀን ሠራተኛ አሠሪው አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። አንዳንዱ አሠሪው ሲመጣ ይሮጣል፤ ዘወር ሲል ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ሰው ፀሐይ ሲበረታ ቶሎ ይዝላል። የሚሻለው ከባዱን ሥራ በማለዳው ቅዝቃዜ አስቀድሞ እስከ ማታ በአንድ ልክ መሄድ ነው።

ሁለተኛ፤ በኩንታል ሒሳብ የሚከፈለው ጫኝና አውራጅ ተቆጣጣሪው የራሱ ችግር ነው። ዛሬ ከአቅሙ በላይ የተሸከመው ጆንያ ነገ ወገቡን ይዞ ከቤት ካስቀረው፣ ያገኘው ትርፍ ኪሣራ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ በደቦ የተጠራ ጎረቤት የሚፈራው ይሉኝታን ነው። ስለዚህ ብርቱው ደካማውን ጥሎ እንዳይሄድ፣ ደካማውም እንዳይለግም ይገባል።

አራተኛ፤ ባለቤቱ ወደ ገበያ ሲወጣ ብቻውን የሚቀር የሱቅ ጸሐፊ ተቆጣጣሪው መዝገቡ ነው። የዕለቱን ገቢና ወጪ በዕለቱ ካልጻፈ፣ የሳምንቱ ሥራ በአንድ ሌሊት ይከመርበታል፤ ስሕተትም ከዚህ ይወለዳል።

አሠሪም ልኩን ይወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ደንግጓል። እህል በጎተራ ይከማቻል፤ የሰው ጉልበት ግን አይከማችምና በየዕለቱ በልክ ሊያዝ ይገባዋል።