ምስጢርና ሽምግልና

ማኅበራዊ ሥራ ማለት የተቸገረ ሰው በራሱ እግር እንዲቆም የሚረዳ ሙያ ነው። የሙያው ትምህርት ቤት በአምስተርዳም በ1899፣ በአዲስ አበባም በ1959 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ተከፍቷል።

ለመሆኑ የየአገሩ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ሥነ ምግባር ይማራሉን? ዓለም አቀፉ የሙያው ትርጓሜ በ2014 ሲጸድቅ ማኅበራዊ ፍትሕን፣ ሰብአዊ መብትን፣ የጋራ ኃላፊነትንና ልዩነትን ማክበርን መሠረት አድርጓል። ቃሉ አንድ ቢሆንም ሚዛኑ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ተማሪ ከባድ አደጋ ካላሠጋ በቀር የባለጉዳዩን ምስጢር እንዲጠብቅ ይማራል። በእኛ አገር ግን ችግር ሲመጣ ሽማግሌ ይጠራል፤ ጎረቤትና እድርተኛም ይመክርበታል።

እኔም አንድ ባልንጀራዬ የቤቱን ጠብ ቢያጫውተኝ፣ በቅን ልቡና ተነሥቼ ለሰፈራችን ሽማግሌ ነገርኩ። ጠቡ በረደ፤ ባልንጀራዬ ግን ከዚያ ወዲህ የልቡን አያካፍለኝም። «ብትጠይቀኝ ኖሮ እኔው ራሴ እሺ እል ነበር» አለኝ።

ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ልማዶች የሚጣሉ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ መሆናቸውን ተረዳሁ። ሽምግልናው መልካም ነው፤ የጎደለው የባለጉዳዩ ፈቃድ ነበር። እንግዲህ ይህን ሙያ ለመማር የምታስቡ ጓደኞቼ ሆይ፤ ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ሽማግሌ ከመጥራታችሁ በፊት ባለጉዳዩን ጠይቁ። የረዳነው ሰው ክብሩን ካጣ፣ ርዳታችን ጎዶሎ ነውና።