የሪፈራል መልእክትን ከታካሚው መዝገብ ጋር ማስተሳሰር፦ ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጤና ኬላዎች የቀረበ የንድፍ ሐሳብ

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ከዳዋ ጨፋ ወረዳ ጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ ስትላክ የተላከችበት ምክንያትና የቀድሞ ክትትሏ መረጃ አብሯት መሄድ፣ የተደረገላት ሕክምና ውጤት ደግሞ ወደ ላኪዋ መመለስ ይኖርበታል። በወረቀት አሠራር በቀላሉ የሚጠፋው ይህ ምላሽ ነው። ምላሹ ካልደረሳት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ እናቲቱ ጤና ጣቢያ መድረሷን አታውቅም፤ የድኅረ ወሊድ ጉብኝቱንም በወቅቱ ማከናወን ይሳናታል።

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መዋቅር መሠረት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ አምስት ያህል ጤና ኬላዎችን ይደግፋል። በኮምኬር ላይ የተገነባው የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ኔትወርክ በሌለበትም መረጃ መመዝገብ ያስችላል፤ የሪፈራል ቅብብሎሽንም ያካትታል። ለሪፖርት የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ 2 በበኩሉ የተጠቃሚዎች የውስጥ መልእክት መለዋወጫ አለው። ሆኖም በአንድ ታካሚ ላይ የሚደረገው ምክክር ወደ ቴሌግራም ከተሻገረ ሁለት ጉዳቶች ይከተላሉ። በመጀመሪያ፣ ውሳኔው ከመዝገቡ ስለሚለይ ተተኪ ባለሙያ አያገኘውም። ሁለተኛ፣ የታካሚው ምሥጢር ለማይመለከተው ሰው ይጋለጣል፤ ይህም ከግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ዓላማ ጋር ይጋጫል።

ስለሆነም መልእክቱ በመተግበሪያው ውስጥ፣ በታካሚው መዝገብ ሥር ሊቀመጥ ይገባል። ለዚህም ሦስት የንድፍ መርሆች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ መልእክቱ ኔትወርክ እስኪገኝ በታብሌቱ ላይ ተራ ይጠብቅ፤ «ተልኳል»፣ «ደርሷል» እና «ታይቷል» የሚሉት ደረጃዎች ተለይተው ይታዩ። በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ካልታየም ለተረኛው ኃላፊ ይተላለፍ።

ሁለተኛ፣ በዞኑ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፣ በክልሉ ደግሞ አማርኛ በመሆኑ ተደጋጋሚ መልእክቶች በኮድ ተቀምጠው ለእያንዳንዱ አንባቢ በመረጠው ቋንቋ ይታዩ።

ሦስተኛ፣ ዳታ ሲቋረጥ አጭር የጽሑፍ መልእክት መጠባበቂያ ይሁን። በቁቤ የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደላትን ሲይዝ በግእዝ ፊደል የተጻፈው 70 ብቻ ይይዛል። በመሆኑም የሚላከው ስምና የሕመም ዓይነት ሳይሆን የሪፈራሉ መለያ ቁጥርና ኮድ ብቻ ይሆናል፤ ይህም ቦታ ከመቆጠቡ በላይ ምሥጢር ይጠብቃል።

ንድፉ በአንድ ጤና ጣቢያና በሥሩ ባሉት ጤና ኬላዎች ሊፈተሽ ይችላል። መመዘኛው የተላኩ መልእክቶች ብዛት ሳይሆን ምላሽ አግኝተው የተዘጉ ሪፈራሎች ድርሻ ነው። ብዙ መልእክት ያለ ምላሽ ከቀረ የባለሙያዋን ሥራ ከማብዛት ያለፈ ፋይዳ አይኖረውም። እንዲሁም ምላሽ መስጠት በጤና ጣቢያው የአንድ ተለይቶ የታወቀ ባለሙያ ኃላፊነት ካልሆነ መተግበሪያው ብቻውን ክፍተቱን አይደፍንም።