ርቀው ያሉትን የግብርና ሠራተኞች በስልክና በምስል ስለ መሰብሰብ

በግብርና ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ሠራተኞቹን በአንድ ግቢ ተሰብስበው አያገኛቸውም። አንዱ በቆላ፣ አንዱ በደጋ፣ አንዱም ከወንዝ ማዶ ባለ ቀበሌ ነው፤ ኹሉን ወደ ወረዳው ከተማ መጥራት ደግሞ አበልና መጓጓዣ ከማስወጣቱ በላይ ገበሬውን በዘርና በአረም ጊዜ ያለ መካሪ ያስቀረዋል። ስለዚህ በስልክና በምስል መሰብሰብ፣ ይልቁንም የኮሮና በሽታ ከገባበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ በብዙ መሥሪያ ቤት የተለመደ ሆኗል። ለወረዳዎች የተዘረጋው ወረዳኔት የምስሉን ስብሰባ እስከ ወረዳው ከተማ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ቀበሌው የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ስልክ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ስለ ተገኘ ብቻ ስብሰባው ተደረገ ማለት አይቻልም። የተሰብሳቢው ኹሉ ስም በመስታወቱ ላይ ተጽፎ እየታየ፣ የተባለውን የተረዳ ሳይኖር መስመሩ የሚዘጋበት ቀን አለ።

የዚህም ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ በአንድ ትል ማስረዳት ይቻላል። የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው። የትሉ እናት የሆነችው የሌሊት ቢራቢሮ በአንድ ሌሊት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ልትበር፣ በዘመኗም ከ1,000 የሚበልጥ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ በሞቃት ስፍራ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞም ሆነ በመድኃኒት ማጥፋት ይቻላል፤ አድጎ በተጠቀለለው የበቆሎ ቅጠል ውስጥ ከተሸሸገ በኋላ ግን መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኘውም። እንግዲህ ስብሰባው በአንድ ሳምንት ቢዘገይ ወይም ቃሉ ተዛብቶ ቢሰማ የሚጠፋው የሰው እህል ነው።

የቀበሌው ሠራተኛ «ተምች ታይቷል» ቢል፣ ሰብሳቢውም «እሺ» ብሎ ቢያልፍ፣ ሁለቱ ስለ አንድ ትል መነጋገራቸው የታወቀ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ሌላ ተምች አለና፤ እርሱ በጭፍራ ከማሳ ወደ ማሳ የሚጓዝ፣ ጤፉንም ገብሱንም ሣሩንም የሚበላ ነው። መጤው ግን ከኹሉ ይልቅ በቆሎን ይወዳል፤ በግንባሩም ላይ ተገልብጦ የቆመ ባላ የሚመስል ነጣ ያለ መስመር፣ በጅራቱ አጠገብ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች ትሉን በወረቀት ላይ አድርገው ይተያዩበታል። በሩቅ ለተሰበሰቡት ግን ቃል ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሰብሳቢው «በምን እህል ላይ ነው? ግንባሩ ታይቷል? ስንት ማሳ ተይዟል?» እያለ ይጠይቅ፣ ሥዕሉም ከስብሰባው በፊት በስልክ ተነሥቶ ይላክለት።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ምርመራ እንደሚያሳየው፣ ሰው ለተጠየቀው ነገር መልስ ለመስጠት የሚቆየው በአማካይ የአንድ ሰከንድ አምስተኛ እጅ ያህል ነው። በሳተላይት የሚሄድ ድምፅ ግን ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ስለሚመለስ ለመድረስ ብቻ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለመልካም ንግግር የሚመክረው መዘግየት ከ150 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠውን ነው። መስመሩ በዘገየ ጊዜ ሁለቱ እኩል ይጀምራሉ፤ ኋላም ጨዋው ለደፋሩ፣ ታናሹም ለታላቁ ይተዋል። ትሉን በዓይኑ ያየው ሰው ብዙ ጊዜ ታናሹ ነውና ወሬው ሳይነገር ይቀራል። ሰብሳቢውም «ሐሳብ ያለው አለ?» ብሎ ጠይቆ ድምፅ ሲያጣ ኹሉ የተስማማ ይመስለዋል።

ስለዚህ ለኹሉ በአንድነት መጠየቅ አይጠቅምም። ሰብሳቢው የቀበሌዎቹን ስም በወረቀት ጽፎ በፊቱ ያኑር፤ እያንዳንዱንም በስፍራው ስም ይጥራ፤ ከታናሹም ይጀምር። የወረዳው ኃላፊ አስቀድሞ ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ «ጌታዬ፣ እኔ ያየሁት ሌላ ነው» የሚል ሠራተኛ በመስመር ላይ ቀርቶ በአዳራሽም አይገኝም። «እሺ» የሚለውም ቃል መስማትን እንጂ መስማማትን አያስረዳም፤ «ነገ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው የሚታወቀው።

ጊዜውን በመንገር ረገድ ብዙ ስሕተት ይደርሳል። በስልክ የሚላከው መጥሪያ «9:00» ሲል ከጧቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ሠራተኛው ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጎ ቢያነበው አይፈረድበትም። ቀኑም እንዲሁ በፈረንጅ ቁጥር ይመጣል። ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጧት ወይም ከሰዓት በኋላ መሆኑ ተጨምሮ በጽሑፍ ይነገር። የገበያ ቀንም አይመረጥ፤ ሠራተኛው ብዙ ገበሬ በአንድ ጊዜ የሚያገኝበት ቀን እርሱ ነው።

የምስል ስብሰባ በአንድ ሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፤ ድምፅ ብቻውን ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ከሰላምታ በኋላ ምስሉ ቢዘጋ የማንም ክብር አይጎድልም፤ መስመሩ ግን ይጸናል። የማዳበሪያና የዘር ቁጥርም አስቀድሞ በጽሑፍ ይላክ። በስብሰባ ላይ ዘገባ ማንበብ ሠራተኛውን ስልኩን አስቀምጦ ወደ ሌላ ሥራው እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ይህንም የማያውቅ ሰብሳቢ ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ጸሐፊው የተቈረጠውን ነገር፣ የሚሠራውን ሰው ስምና ቀኑን ጮኾ ያንብብ፤ የተጠራውም ሰው በራሱ ቃል ይድገመው። ቃለ ጉባዔው በዚያው ቀን ይላክ። በመካከል መስመሩ የተቋረጠበት ሰው በተሰብሳቢነት አይቈጠር፤ ጸሐፊው በማታ በተራ ስልክ ይደውልለትና የታዘዘውን ነግሮ፣ እርሱም ሲደግመው ሰምቶ በስሙ አንጻር ምልክት ያድርግ።