ስላይዱን ተዪው፣ መዝገብ ቤቱን ጥሪው

እስቲ ጠጋ በይልኝ፣ ልየው። ይሄ ሁሉ የሥልጠናው ስላይድ ነው? እታለም፣ ከአሌ፣ ከሁሩሙ፣ ከቡሬ፣ ከያዮ ወረዳ የሚመጣ ሠራተኛ መቱ አዳራሽ ገብቶ በመጀመሪያው ገጽ «የመልካም አስተዳደር ጽንሰ ሐሳብ» የሚል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስልኩን ያወጣል። አበሉ መቼ እንደሚከፈል ጎኑ ያለውን በሹክሹክታ ይጠይቃል። አልፈርድበትም፤ ይህን ርዕስ ስንቴ ሰምቶታል።

ሕገ መንግሥቱን ማንሳትሽ ደግ ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፤ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ ስለማግኘት ያነሳል። ሁለቱን ቶሎ በያቸውና እለፊ። የምትቆዪበት የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ 590/2000 ነው። አንዱ ከኋላ ተነስቶ «እሱማ ተሽሯል» ማለቱ አይቀርም፤ ተዘጋጂበት። በ2013 የወጣው አዋጅ 1238 የተካው የሚዲያውን ክፍል ነው። መረጃ ስለመጠየቅና ስለመስጠት የሚደነግገውን አልነካውም። ይሄን እዚያው ካልመለስሽለት ቀሪውን አይሰማሽም፣ ሌላውንም ይዞብሽ ይወጣል።

አሁን ወደ ተጋባዦቹ ዝርዝር ልምጣ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ምክትል ኃላፊ፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ አሁንም ኃላፊ። መዝገብ ቤቷስ? ጸሐፊዋስ? የበር ጥበቃውስ? ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚያገኘው እኮ ጥበቃውን ነው። «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ቦሩ ኮታ (ነገ ይምጡ)» የምትለዋን መልስ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ከጎሬ በእግሩ ለመጣ ገበሬ ያቺ ቃል የቀን ሥራ ታስቀርበታለች። ሦስት ኃላፊ ቀንሺና በምትካቸው እነሱን ጥሪ። ኃላፊው ይቆጣል፤ ይቆጣ። ሲነሳ ሌላ ኃላፊ ይመጣል፣ መዝገብ ቤቷ ግን እዚያው ናት።

ስለ መዝገብ ቤት ከተነሳ ዝም ብዬ አላልፍም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ቤት ነው። መረጃ የሚከለከለው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ «አይሰጥም» ማለት ደግሞ «አላገኘሁትም» ከማለት ይቀላል፣ ከዚያም ያስከብራል። ክላሰሩ ጀርባ ላይ ዓመት አልተጻፈም። ቃለ ጉባኤው ከጨረታ ሰነድ ጋር ታስሯል። ደብዳቤው በገቢ መዝገብ ላይ ቁጥር አለው፣ ለማን እንደተመራ የሚያሳየው ዓምድ ግን ባዶ ነው። ኃላፊው ሲቀየር መሳቢያው ውስጥ የቀረውን ማንም አይረከብም። እንዲህ ላለ ቢሮ ስለ ግልጽነት ብታስተምሪ ምን ይሰጣል? የሚሰጠው ነገር የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ከሰዓት ለፋይል አድርጊው። እያንዳንዱ ወረዳ አንድ የተዝረከረከ ክላሰር ይዞ ይምጣና እዚያው ያስተካክል። አሰልጣኝ ከአዲስ አበባ አትጠብቂ፣ እኔው እመጣለሁ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ስላይድ የሚባል ነገር አይኑር። አንድ ጉዳይ ስጪያቸውና ይጫወቱት። እንዲህ በይ፦ ለመንገድ ተብሎ የቡና ማሳቸው የተነሳባቸው አንዲት እናት ይመጣሉ። ካሳቸው በምን እንደተሰላ ማወቅ ይፈልጋሉ፤ ደግሞ ጎረቤታቸው ስንት እንዳገኘና ገንዘቡ በየትኛው ባንክ እንደገባለት ይጠይቃሉ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። አንዷን እንደ ሴትዮዋ አስቀምጪ፣ አንዱን እንደ ሕዝብ ግንኙነት።

ሰውየው መጀመሪያ «ማመልከቻ ጽፈው ያምጡ» ማለቱ አይቀርም። እዚያ ላይ አቁሚው። መጻፍ ለማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል ተቀብሎ በጽሑፍ ማስፈር የሕዝብ ግንኙነቱ ሥራ ነው፤ አዋጁ ያዘዘው እሱን ነው። ውጭ ዛፍ ሥር ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው መክፈል የለባቸውም። በኦሮምኛ ከነገሩት በኦሮምኛ ይጻፍላቸው፤ ጽፎ ደግሞ ያንብብላቸው፣ ቅጂውንም ይስጣቸው። ቀኑ ይጻፍበት፤ ምክንያቱም ለመልሱ አዋጁ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፣ ቀን ያልተጻፈበት ጥያቄ ደግሞ መቼም 30 ቀን አይሞላውም።

ከዚያ ወደ መልሱ። የራሳቸው የካሳ ስሌት ይሰጣቸዋል፣ ጥያቄ የለውም። የጎረቤት የባንክ ሒሳብ አይሰጥም፣ የሦስተኛ ወገን የግል መረጃ ነው። መሐል ላይ ያለው ነው አዳራሹን የሚያሟሙቀው፦ የስሌቱ መመሪያ፣ የካሬ ሜትሩ ዋጋ፣ ለቀበሌው በጠቅላላ የወጣው ካሳ። ይከራከሩ፣ አትቸኩዪ። አንድ ነገር ብቻ አስይዣቸው፦ በሰነዱ ላይ አንድ የማይሰጥ መስመር ስላለ ሰነዱ ሁሉ አይቆለፍም። መስመሩ ይሸፈንና ቀሪው ኮፒ ይደረጋል። የሚከለከልም ካለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሁን፤ ጠያቂው ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ካልሆነም ለእንባ ጠባቂ ይዞ እንዲሄድ። በአፍ የተከለከለ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል?

የማስታወቂያ ሰሌዳውን ነገር በአንድ ነጥብ ጽፈሽ አልፈሻል። አይ! ሳይጠየቁ መለጠፍ እኮ የጥያቄውን ግማሽ ያስቀረዋል። ፒቢኤስ በሚባለው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ዘመን ወረዳዎች በጀታቸውን ተራው ሰው በሚያነበው ሠንጠረዥ እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር፣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሰዎችም ሠልጥነውበታል፤ የቆዩት ሠራተኞች ያስታውሱታል፣ አስነሻቸው። ሐምሌ ላይ ዓመቱ ሲጀምር ለጤና ስንት፣ ለትምህርት ስንት፣ ለየትኛው ጤና ጣቢያ የሚለው በትልቁ ይጻፍ። የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ወረቀት አይምርም። መስታወት የሌለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ በጀት በሳምንቱ ቀለሙ ይፈስሳል፣ ከዚያ «ለጥፈናል» ብለው ሪፖርት ይጽፋሉ። መስታወት ካለውም ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቂ።

ምሳሌ ከፈለግሽ የኡጋንዳውን ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ከተመደበው ገንዘብ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ነበር። መንግሥት የላከውን በጋዜጣ ማውጣት፣ ትምህርት ቤቶቹም የደረሳቸውን መለጠፍ ሲጀምሩ የሚደርሰው በብዙ እጥፍ አደገ። ሁሉንም ያመጣው ጋዜጣው ነው ወይ ብለው ምሁራኑ ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ፣ ለእኛ ግን መለጠፉ ኪሳራ የለውም።

አንድ ነገር ግን በስላይድሽ ላይ የለም፣ በሻይ ሰዓት ግን ሁሉም የሚያወራው እሱን ነው፦ ፍርሃት። ሠራተኛው የሚፈራው አዋጁን አይደለም፣ የቅርብ አለቃውን ነው። መረጃ ሰጥቶ የተገሠጸ ሰው አይቷል፤ ከልክሎ የተገሠጸ ግን አላየም። ይህን «አይዟችሁ» በማለት አታልፊው፣ አያምኑሽም። የሚያድናቸው ወረቀት ነው። ጥያቄው ተመዝግቦ፣ ለኃላፊው ተመርቶ፣ ኃላፊው «ይሰጥ» ወይም «አይሰጥ» ብሎ ፈርሞበት ከሆነ ሠራተኛው ብቻውን አይጠየቅም። ኃላፊዎቹም አዳራሹ ውስጥ ሳሉ ይህን ይስሙት፤ ለዚህ ነው ሁሉንም ሳይሆን ሦስት ብቻ ቀንሺ ያልኩሽ።

ሥልጠናው ካለቀ በኋላ የምስክር ወረቀት አድለሽ አትበተኚ። ጥቂት ወር ቆይተሽ ቢሮ የማያውቃት ልጅ ወደየወረዳው ላኪና ተራ ጥያቄ ትጠይቅ፤ የተለጠፈው በጀት የት እንዳለ፣ ጥያቄዋ ተመዝግቦ እንደሆነ። ሌላው ደግሞ ኮፒ ማሽኑ ነው፤ ቶነር የለም ተብሎ ስንት ሰው ተመልሷል መሰለሽ። ፋይናንስን አሁኑኑ ጠይቂ። ገንዘብ ካነሰሽ ባነሩን ተዪው፣ ለየወረዳው አንድ አንድ የጥያቄ መመዝገቢያ ግዢበት፤ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ምረጪ፣ ስሱን ወረቀት እርጥበቱ ይበላዋል።