አልገባ ያለችው ክሮቸራ

በዚህ ዓመት የቅዳሜ ክበባችን ተማሪዎች በሪሞት የሚነዳ ትንሽ መኪና ከሳጥን አውጥተው ገጣጠሙ። ዓይነቱ «ክሮለር» ይባላል፤ ለሩጫ ሳይሆን ድንጋይና ጉብታ ላይ በዝግታ ለመውጣት የተሠራ ነው። ሥራው ለሦስት ሳምንት ያለ ችግር ሄደ። ከካምቢዮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሱት ሁለት ዘንጎች ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። መጋጠሚያዎቹ ጠጣር ፕላስቲክ ናቸው፤ አልገባ አሉ።

አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሲታገል አይቼ «ጠንከር አድርገህ ጫነው» አልኩት። በፒንሳ ጫነው። ቀጭ አለ፤ የሹካው አንድ ክንድ ተሰበረ። መኪናው የተገዛው ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ ስለሆነ ልጁ ደነገጠ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ቀረ። ጥፋቱ የኔ ነበርና ወደ ቤታቸው ደወልኩ።

አባቱ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ መካኒክ ናቸው። ልጃቸውን ይዘው መጡና ዕቃዋን በጣታቸው አገላብጠው «መምህር፣ ይቺማ ክሮቸራ ናት» አሉ። ልጁ ቃሉን በአባቱ ስልክ ንግግር ሁልጊዜ ይሰማ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር። እንደ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮንና ኩሽኔታ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ ጋራዦቻችን የገባ ቃል ነው፤ ሥሩ «መስቀል» ማለት ነው። እውነትም በሁለቱ ሹካዎች መካከል የምትቀመጠው ባለ አራት እግር ዕቃ መስቀል ትመስላለች። ሁለቱ ሹካዎች በየአቅጣጫቸው እየተጣጠፉ መሽከርከር የሚችሉት በእሷ ነው።

አሁን ወደ አገጣጠሙ እንምጣ። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ከናይለን ይሠራሉ። ናይለን ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ውኃ ሲጠጣም ይበልጥ ይተጣጠፋል። ስለዚህ ሹካውን ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ መንከር ነው። ውኃውን ትልቅ ሰው ይቅዳ፤ ዕቃውም በማንኪያ ይውጣ። (ናይሮቢ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ። ለኛ ሥራ በቂ ነው።) ላይተር መጠቀም አይገባም፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ከዚያ የመስቀሏን አንድ እግር በአንዱ ክንድ ቀዳዳ አስገብቶ፣ ሌላኛውን ክንድ በአውራ ጣት ለቀቅ አድርጎ ማንሸራተት። ሲገባ ድምፁ ይሰማል። ቀዝቅዞ በእጅ ሲታጠፍ አሁንም የሚከብድ ከሆነ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የቀረ ትርፍ ፕላስቲክ ይኖራልና በምላጭ ይጠረግ። ቅባት አያስፈልግም፤ የሳውዝ ሲን አቧራ ይሰበስባል።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ አባትየው ቀጥለው ያሳዩን ነገር ነው። በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ያሉት ሹካዎች አቀማመጣቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንዱ ጋደም ካለ ሌላውም ይጋደማል። ለምን? አንድ ክሮቸራ ታጥፎ ሲሽከረከር ፍጥነትን እኩል አያስተላልፍም። የመጀመሪያው ዘንግ በደቂቃ 100 ዙር እኩል ቢዞር፣ በ30 ዲግሪ ታጥፎ የተያያዘው ዘንግ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ እስከ 115 ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ወደ 87 ይዘገያል። ኮሳይን የተማራችሁ አስሉት፤ የ30 ዲግሪ ኮሳይን 0.87 ገደማ ነው፤ 1 ለእሱ ሲካፈል 1.15 ይሰጣል።

ሁለቱም ጫፎች በእኩል ዲግሪ ታጥፈው ሹካዎቹ ሲመሳሰሉ፣ የፊተኛው ያፈጠነውን የኋለኛው ያዘገየዋል፤ ዲፈረንሻሉ ጋ የሚደርሰው እኩል 100 ነው። አንዱ ሩብ ዙር ዞሮ ከተገጠመ ግን ስሕተቱ ይደራረባል፤ ከ75 እስከ 133 ይዋዥቃል። አባትየው ኮሳይን አልጠቀሱም። «መኪናው ይንዘፈዘፋል፤ ክሮቸራውም ቶሎ ይበላል» ነው ያሉት።

እኛም ዘንጉን ሆን ብለን አሳስተን ገጥመን አየነው። ተንዘፈዘፈ።

መለዋወጫው ከውጭ አገር እስኪመጣ አምስት ቅዳሜ ጠበቅን። ሲደርስ ያው ልጅ ገጠመው፤ ውኃውን የቀዱለት አባቱ ናቸው። በወላጆች ቀን መኪናው ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ያለውን የድንጋይ ክምር ወጣ፤ አንዴ ተገልብጦ፣ በሁለተኛው። የተሰበረችው ሹካ በቢሮዬ መስኮት ላይ አለች። ማየት የሚፈልግ ተማሪ አንኳኩቶ ይግባ።