የታየውንና የተገመተውን ለይቶ ስለ መመዝገብ

አንድ የመስክ መረጃ ሰብሳቢ ከይፋት ቆላ ተመልሶ «በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ማሽላው በድርቅ ተጎድቷል» ብሎ ቢጽፍ፣ በአንዲቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። ቅጠሉ መጠውለጉንና አገዳው መቀጨጩን ሠራተኛው በዓይኑ አይቷል፤ ይህ ምልከታ ነው። የጉዳቱ ምክንያት ድርቅ መሆኑን ግን ካየው ተነሥቶ ገመተ እንጂ አላየም።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ስለሚስብ፣ የተጠቃው ሰብል ዝናብ ያጣ ይመስላል፤ ጉዳቱም የሚጀምረው አረሙ ከአፈር በላይ ሳይታይ ነው። ምክንያቱ ድርቅ ከሆነ የከርሞ ዝናብ ማሳውን ሊመልሰው ይችላል። አቀንጭራ ከሆነ ግን ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ የእርዳታ እህል ቤተሰቡን ለአንድ ዓመት ቢያሻግረውም፣ አረሙ ካልተነቀለና ማሽላው በማሾ ወይም በሌላ ጥራጥሬ ካልተፈራረቀ ችግሩ በመልካም ዝናብም ይመለሳል።

ስለሆነም ትምህርቱ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ በማሳ ዳር ቢሰጥ ይመረጣል። ሠልጣኞቹ የደብተራቸውን ገጽ በመስመር ለሁለት ከፍለው፣ በግራ ያዩትን፣ የቆጠሩትንና የለኩትን ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይጽፋሉ፤ በቀኝ ደግሞ የገመቱትን። አሠልጣኙም በግራ ለተጻፈው ሁሉ «ይህ በምን ታወቀ?» እያለ ይጠይቃል። ገበሬው «ዝናብ ከቆመ ወር ሆነው» ቢል፣ ሠልጣኙ የሰማው የገበሬውን ቃል ስለሆነ «ገበሬው እንዲህ አለ» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ገበሬውን አለማመን አይደለም፤ የዝናብ መለኪያ በሌለበት ቀበሌ ከእርሱ የተሻለ ምስክር ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሠልጣኞች ይበልጥ የሚሳሳቱት በገበያ ነው። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት፣ በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ ከጠቅላይ ግዛቱም ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደ ነበር አመልክቷል። ዋጋው አለመናሩ ምልከታ ነው። «እንግዲያውስ ረሀብ የለም» የሚለው ግን ግምት ነው፤ ያውም ሰው የሚፈጅ ግምት። አዝመራው የጠፋበትና ከብቱ ያለቀበት ሰው ገንዘብ ስለሌለው ዋጋ ሊያስወድድ አይችልም። የደሴ መንገድ በሸዋ ሮቢት በኩል ስለሚያልፍ፣ እህል ጭኖ ወደ ደቡብ የሚሄድ መኪና ያየ ሠልጣኝም «ትርፍ ምርት አለ» ለማለት ይቸኩላል። ከዚያ ይልቅ አንድ ፍየል ተሸጦ ስንት ቁና ማሽላ እንደሚገዛ በየገበያው ቀን ቢመዘግብ፣ ቤተሰቡ እህል የመግዛት አቅም እንዳለው ይበልጥ ይረዳል።

በሰፈራ ጥናትም ጉዳዩ ያው ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲዛወር፣ «ባዶ» ከተባለው መሬት ውስጥ በጋምቤላ አኙዋኮች የሚጠቀሙበት ይገኝ ነበር። በይፋት ቆላ ወደ አፋር በኩል ያለ ሜዳም በክረምት ሲታይ ሰው የሌለው ይመስል ይሆናል፤ በበጋ ግን የከብት ግጦሽ ሊሆን ይችላል። «አልታረሰም» በግራ፣ «ባለቤት የለውም» በቀኝ ይጻፋል።

ግምት ይቅር ማለት አይደለም፤ ያለ ግምት ውሳኔ አይሰጥም። ነገር ግን በብዙ ቅጾች ላይ «የጉዳቱ ምክንያት» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ስለሚገኝ፣ ሠራተኛው ያላየውን እንዳየ አድርጎ ለመጻፍ ይገደዳል። ከሣጥኑ አጠገብ «ምን ታየ?» የሚል ሌላ ሣጥን መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።